ሳጥኔን ያመነች፣ አፌን ያላመነች ልጅ

ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ከዚያ አራተኛ ክፍል ደርሼ አቆምሁ። ስለዚህ ፊደል ብስት አንባቢ ይታገሠኝ። ፍርድ የሳትሁበትን ግን አትታገሡኝ። ብዕር ያነሳሁትም ለዚሁ ነው።

ነገሩ ከመድረሱ በፊት በሰፈሬ፣ በጎንደር አራዳ፣ በሁለት ነገር እታወቅ ነበር። አንደኛው እጄ ነው። አራስ ወተቱ ቋጥሮባት ጡቷ ሲጠጥር፣ ትኩሳት ሲለቅባት፣ ወደ እኔ ያመጧታል። በሞቀ ጨርቅ አለዝቤ፣ በለጋ ቅቤ አሽቼ፣ ከብብቷ እየገፋሁ ወተቱን እንዲወርድ አደርገዋለሁ። እናቴም አምባ ጊዮርጊስ ላይ ይህንኑ ትሠራ ነበር። ዋጋ አልቀበልም። ተራ ግን አስከብራለሁ። አንዲት ባለጠጋ ሴት ልጇን ይዛ መጥታ በቆሎ ሻጯን ቀድማ ልትገባ ስትል፣ «ማኪናሽን ከበሩ አቁሚው፤ ልጅሽ ግን ከዚህች ኋላ ናት» ብዬ አስቀምጫታለሁ።

ሁለተኛው አፌ ነው። እኩል ያልሆነ ነገር ካየሁ ዝም ማለት አልችልም። በማርያም ማኅበራችን የድፎ ዳቦ የምቆርሰው እኔ ነኝ። ከእኔ ቢላ ትልቅና ትንሽ ቁራሽ አይወጣም ይባላል። እውነትም አይወጣም።

ማስተዋል እንበላት። ስሟ ይህ አይደለም፤ ቀይሪው ብላኝ ቀይሬዋለሁ። የልጄ ልጅ ናት። እናቷ የሦስት ዓመት ሕፃን ትታብኝ ሞተች፤ አምባ ጊዮርጊስ ላይ እኔ አሳደግኋት። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች የፈላ ንፍሮ ተደፍቶባት ቀኝ ደረቷ ተቃጠለ። ለጠየቀኝ ሁሉ «ድስቱን ራሷ ጎትታው ነው» እል ነበር። ወደዚህ ነገር ኋላ እመለሳለሁ። ልጅቱ አደገች፤ የግራ ጡቷ አብሯት አደገ፤ የቀኙን ግን ጠባሳው ጨምድዶ ይዞት ሳያድግ ቀረ። እኛ ቤት ስለዚያ አይወራም ነበር። ቀሚስ ስንገዛ ሰፊ እንገዛ ነበር፤ በቃ።

ከዚያ ወደ አረብ አገር ሄደች። ስድስት ዓመት ሠርታ ስትመለስ ሸጋ ሴት ሆና መጣች። ደረቷ በልብስ ሲታይ እኩል ነው። የአረብ አገር ጡት መያዣ ሥራ መሰለኝና አልጠየቅሁም። በመጣች በሳምንቱ በጨርቅ የተሰፋች፣ መዳፍ የማትሞላ ነገር ሰጥታኝ፣ «እምዬ፣ ይህችን ሳጥንሽ ውስጥ አስቀምጪልኝ። አትክፈቻት» አለችኝ። አስቀመጥሁ፤ አልከፈትሁም። ዓመት ሳይሞላ ደሳለኝ የሚባል ባጃጅ የሚነዳ ሸጋ ልጅ አገባችና ማራኪ የሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይተው ገቡ። አረገዘችም።

አሁን አንድ ቀን ልብ በሉልኝ። ማስተዋል የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሆና በማኅበራችን ዝክር ጠላ ታድል ነበር። እኔ ዳቦውን እቆርሳለሁ። ጎረቤቴ አልማዝ ስልኳን አምጥታ የአንዲት ዘፋኝ ፎቶ አሳየችኝ።

«ጡቷን በሐኪም አስሞልታው ነው አሉ» አለች።

እኔ ቢላዬን እንደያዝሁ፣ «እግዜር ለሁሉም ቆርሶ ሰጥቷል። ከድርሻዋ በላይ የጨመረች ሌባ ናት። ከማን ላይ እንደሰረቀች ብቻ ነው የማናውቀው» አልሁ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ማስተዋል አልሳቀችም።

«ምናልባት ጎድሎባት ይሆናል፣ እምዬ» አለች፣ ማሰሮውን እንደያዘች።

«የጎደለበት እግዜርን ይለምናል እንጂ ራሱን አይሞላም» አልኋት። አሁንም ተሳቀ። እኔም በንግግሬ ደስ ብሎኝ ዳቦዬን መቁረስ ቀጠልሁ።

ወር ሳይሞላ ማርያም ማረቻትና ሴት ልጅ ወለደች። አራስ ልጠይቅ ሳይሆን ላርስ ጓዜን ይዤ ማራኪ ገባሁ። ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ እኔና አራሷ ጓዳ፣ ደሳለኝ ሳሎን። ሕፃኗን ሁልጊዜ ከግራ ጡቷ ብቻ ነው የምታጠባት። «ቀኙ አይወጣውም» አለችኝ። የተቃጠለ ጡት ነውና አልገረመኝም። በነጠላዋ ተሸፍና ነበር የምታጠባ፤ ከእኔ ምን ያሳፍራታል ብዬ በሆዴ ተቀየምሁ እንጂ አልተናገርሁም።

በሃያኛው ቀን ጠዋት ሕፃኗን ሳቀብላት የልጅቱ ራስ ቀኝ ደረቷን ነካው። ማስተዋል ፊቷ ዐመድ መሰለ። ነጠላውን ገለጥሁት።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን የተቃጠለ ጡት ሞልቶ አየሁት። በጠባሳው መካከል ክብ ብሎ ቆሟል። እጄን ባሳርፍበት ድንጋይ ነው።

እንባዬ መጣ። የመሰለኝን ልንገራችሁ። ማርያም ከሃያ ዓመት በኋላ ለዚያ ጡት ወተት የሰጠችው፣ ጠባሳው ግን በሩን የዘጋበት መሰለኝ። እከፍተዋለሁ አልሁ። እናቴ ያወረሰችኝ ይህ እጅ ለዚህ ቀን ነበር አልሁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የጠጠረ?»

«ቆይቷል። ተይው እምዬ፤ ሐኪም አየዋለሁ።»

«ሐኪም ስለ ወተት ምን ያውቃል? ደግሞ ወንድ ቢሆንስ?»

«አትንኪው። ይኼ ሌላ ነው።»

«ሌላ ምን?»

ወደ በሩ አየች። ሳሎን ደሳለኝና እናቱ ስለ ክርስትናው ድግስ ይነጋገራሉ፤ ድምፃቸው ከእኛ ጋር የተቀመጡ ያህል ይሰማል። ማስተዋል ወደ እኔ ተመለሰች፤ ከንፈሯን ከፈት አደረገች፤ ከዚያ «ምንም» አለች።

ይህን «ምንም» ዛሬም እሰማዋለሁ። ብዙ ነገር ነበረበት፤ እኔ ግን እጄን በቅቤ እየቀባሁ ነበር።

ጀመርሁ። ከብብቷ ወደ ታች ገፋሁ፤ አልላላም። በሞቀ ጨርቅ ደግሜ ገፋሁ፤ አልላላም። የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ጣራ ጣራውን ታያለች። ስንቷን አራስ አስለቅሻለሁ፤ ማልቀስ የእሽታው ደንብ ነው ብዬ አልተውኋትም። «በቃሽ እምዬ» አለች አንዴ። «ማርያም አንድ ጊዜ ምራሻለች፤ እኔ ሁለተኛ ልማርሽ» ብዬ ቀለድሁ። ለሌላ ሴት ያን ያህል አልጫንም ነበር። ያ ጡት ግን ዕዳዬ ነበር። በሁለት አውራ ጣቴ ከግራና ከቀኝ ይዤ ባለ በሌለ ጉልበቴ ተጫንሁት።

ከጣቴ ሥር አንድ ነገር ሸሸ። ድንገት ላላ።

«ተፈታ» አልሁ።

ሳሎን ያለችው አማቷ ሰማችና እልልታዋን ለቀቀችው። እኔ ጨርቅ ደግኜ ወተቱን ጠበቅሁ። አንድ ጠብታ አልወጣም። ማስተዋል ዐይኗን ጨፍና ተኝታለች፤ እንባዋ በጆሮዋ ላይ ይወርዳል። እኔ የእፎይታ እንባ አደረግሁት።

ከሰዓት በኋላ ጡቱ ቅርፁ ጠፋ። ከላይ ጎድጉዶ ከጎን አበጠ፤ ከብብቷ ሥር ያልነበረ እብጠት ወጣ። ቆዳው ሰማያዊ መሰለ። ቀኝ እጇን ማንሳት አቃታት።

«ወተቱ ሸሽቶ ብብቷ ገብቷል» አልሁ፣ እንደ ዐዋቂ። «ነገ እደግመዋለሁ።»

ነገ ነጋ። ደሳለኝ ባጃጁን ሊያጥብ ወጣ፤ አማቷ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ቅቤዬን አሙቄ፣ እጄን ቀብቼ ገባሁ። ማስተዋል ሕፃኗን አስተኝታ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች።

«ቁጭ በይ እምዬ» አለች።

«ቅቤው ይቀዘቅዛል።»

«ይቀዝቅዝ። ያ ወተት አይደለም።»

ቆሜ ቀረሁ።

«በአረብ አገር ያስገባሁት ነው። ሲሊኮን ይሉታል። ጠባሳውን ከፍተው፣ ከሥሩ አድርገው ሰፉት። የምሠራበት ቤት እመቤት ነርስ ነበረች፤ እሷ ናት ሐኪሙ ዘንድ የወሰደችኝ። ከዓመት ወዲህ እየጠጠረ መጣ። ከወለድሁ በኋላ እታያለሁ ብዬ ቆየሁ።»

«ደሳለኝ ያውቃል?»

«አያውቅም። ጠባሳውን ያውቃል፤ ይህን አያውቅም።»

«እኔንስ ምነው አልነገርሽኝም? ትናንት እንኳን፣ እጄን ከማሳረፌ በፊት?»

ትክ ብላ አየችኝ። በልጅነቷ እንኳን እንዲህ አይታኝ አታውቅም።

«ለማን ልንገር? ሌባ ናት ብለሽ ለፈረድሽው ለአንቺ? አማቴ ከበሩ ሥር ሆና እየሰማች?» ትንፋሿን ሰብሰብ አደረገች። «ከድርሻዬ አልጨመርሁም፣ እምዬ። ከግራው እኩል ይሁን ብዬ ነው። እኩል፣ እኩል እያልሽ ያሳደግሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

ቅቤው ከእጄ እየቀለጠ በክርኔ ወረደ።

ለደሳለኝ «ወተቱ እምቢ ብሏል፤ ሐኪም ቤት አድርሰን» አልነው። እሱ በባጃጁ አደረሰንና ውጭ ቆየ። ሕፃኗን አቅፌ አብሬያት ገባሁ። ሐኪሟ ሴት ናት፤ ገና ልጅ እግር። ደረቷን አይታ ፊቷን ቀጨም አደረገች።

«ምን ነካው?»

ማስተዋል ወደ እኔ አላየችም። «ወድቄ ነው። ደረጃ ላይ» አለች።

ሐኪሟ ጎንበስ ብላ ቆዳውን ተመለከተች። በግራና በቀኝ ሁለት ክብ ክብ ሰማያዊ ምልክት አለ፤ የአውራ ጣት ያህል።

«ይኼ ደረጃ ጣት አለው?» አለች።

ማስተዋል ዝም አለች። ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። እዚህ ላይ እውነቱን ልጻፍ፤ እኔም ዝም አልሁ። ለአንድ ቁራሽ ዳቦ ማኅበር የማስነሣ ሴትዮ፣ ልጄ ልታድነኝ ስትዋሽ፣ የሕፃኗን ጨርቅ አስተካካይ መስዬ አቀረቀርሁ።

ቀዝቃዛ ነገር ቀብታ በመሣሪያ እያየች፣ ሐኪሟ ነገሩን ለማስተዋል አስረዳቻት፤ ለእኔም ገባኝ። ያ የሚያስገቡት ነገር በስስ ከረጢት ያለ ዝልግልግ ነው። ሰውነት እንግዳ ነገር ሲገባበት በዙሪያው አጥር ያጥራል። አንዳንድ ሰው ላይ አጥሩ እየጠበቀ፣ እየጠበቀ ይሄድና ጡቱ ይጠጥራል፤ ያማል። ጠባሳ ባለበት ደግሞ ይብሳል። ያን የጠጠረውን በእጅ ሲጨምቁት አጥሩም ከረጢቱም ይቀደዳል። የማስተዋል ተቀዶ ዝልግልጉ ወደ ጎን ፈስሷል፤ ከሥሩም ደም ቋጥሯል።

«መውጣት አለበት» አለች ሐኪሟ። «ሳይቀደድም ቢሆን ዕድሜ ልክ የሚቆይ ነገር አይደለም። በየጊዜው መታየት ነበረበት። ይህን አልነገሩሽም?»

«ነግረውኛል» አለች ማስተዋል። «እዚህ ግን ለማን እንደማሳይ አላወቅሁም። አፈርሁም።»

«ሲያስገቡልሽ የሰጡሽ ካርድ አለ? ዓይነቱ የተጻፈበት? ሁሉም አንድ አይደለም። ሽፋኑ ሻካራ የሆነ ዓይነት አለ፤ አልፎ አልፎ ከዓመታት በኋላ በዙሪያው ካንሰር ያመጣል። ብዙ ጊዜ አይደለም። ግን ከዙሪያው ፈሳሽ አያለሁ፤ የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ መገመት አልፈልግም።»

«አለ» አለች ማስተዋል። ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረች። «እምዬ ሳጥን ውስጥ ነው።»

ሕፃኗን አስታቅፌያት በታክሲ ወደ አራዳ ወረድሁ። ካንሰር የምትለዋ ቃል በጆሮዬ ትጮሃለች። ቤቴን ከፍቼ፣ ሳጥኔን ከፍቼ፣ ከነጠላዎቹ ሥር ያችን የተሰፋች ጨርቅ አወጣኋት። በእጄ ላይ የተገኘው የድፎ ዳቦ ቢላዬ ነበር፤ በእሱ ክሩን ቆረጥሁት። ትንሽ ጠንካራ ካርድ ወጣች። የባዕድ ፊደል ነው፤ ማንበብ አልቻልሁም። ግን ምን ማንበብ ያስፈልገኛል? ያችን ካርድ ሦስት ዓመት ያህል ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ልጄ ሳጥኔን አምናለች፤ አፌን ግን አላመነችም።

ከሳጥኑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥሁና ኋላ እመለስበታለሁ ያልኋችሁ ነገር መጣብኝ።

ድስቱን ጎትታ አልነበረም። ያን ቀን ከጎረቤቴ ጋር በወሰን ተካስሰን ሽማግሌ ተቀምጦልን ነበር። አንድ ትልም መሬት ገፍቶብኛል። ጥዶ መሄድ ደንብ አይደለም፤ እኔ ግን ድስቱን ጥጄ፣ የሰባት ዓመቷን ልጅ «እሳቱን ጠብቂ፤ እንዳይጠፋ» ብዬ ሄድሁ። የሽማግሌዎቹ አለቃ አያ ቢተው፣ «ልጅቱን ለማን ትተሽ መጣሽ? ይደርሳል፤ ሂጂና ነገ እንየው» ብሎኝ ነበር። «ፍርድ አይዘገይም» አልሁት። እሳቱ ሊጠፋ ሲል እንጨት ልትጨምር ጎንበስ ስትል ጉልቻው ተንሸራተተ። ትእዛዜን ስትጠብቅ ነው የተቃጠለችው። እኔ ትልሟን አሸንፌ፣ እየፎከርሁ ስመለስ ጩኸት ሰማሁ።

ትልሟን አሸንፌያለሁ። ልብ በሉ። ያችን መሬት ትቼ ከተማ ከገባሁ ስንት ዘመኔ ነው።

ካርዷን በመቀነቴ ቋጥሬ ተመለስሁ። በሐኪም ቤቱ መተላለፊያ ገና ሳልደርስ የደሳለኝን ድምፅ ሰማሁ። ለቀዶ ሕክምናው ፈርም ብለው አስጠርተውት ኖሮ ሁሉን ሰምቷል። ማስተዋል ወንበር ላይ ሕፃኗን ታቅፋ አቀርቅራለች፤ ሐኪሟ ከበሩ ቆማለች።

«ሁለት ዓመት ከማን ጋር ነው የኖርሁት?» ይላል። «ልጄስ? ያን መርዝ ስትጠባ ኖረች?»

«ግራው ምንም የለበትም፤ የጠባችው ከግራ ነው» አለች ሐኪሟ። «ይህ ነገር ያላት ሴትም ብታጠባ ልጁን ጎዳ የሚባል ነገር የለም። ልጅህ ደህና ናት።»

«እሷ ደህና ትሁን። ይህቺ ግን አታልላኛለች። ደግሞ ወደቅሁ ትላለች። ደረጃ በሌለበት ቤት።»

ማስተዋል ቀና ብላ አየችኝ። በዐይኗ «ዝም በይ» አለችኝ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። እሷ አታላይ ተብላ፣ እኔ እጀ መልካም ተብዬ እንኖራለን። ከፊቴ ሁለት ቁራሽ ነበር፤ እኩል አልነበረም።

«ተቀመጥ ልጄ» አልሁት።

«እማማ፣ እርስዎ አይግቡበት።»

«የገባሁ ከሃያ ዓመት በፊት ነው። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ካርዷን ለሐኪሟ ሰጠሁና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ሳላቋርጥ ተናገርሁ። የድስቱን ነገር ተናገርሁ። «ራሷ ጎትታው» እያልሁ የሕፃን ስም ማጥፋቴን ተናገርሁ። በማኅበሩ ሌባ ያልሁትን፣ እሷ ጠላ ይዛ ቆማ መስማቷን ተናገርሁ። ከዚያ ሁለቱን አውራ ጣቶቼን አወጣሁ።

«ደረጃው ይኸው» አልሁ። «ተዪኝ እያለችኝ አልተውኋትም። እናትህም እልል ያለችው ለዚህ ነው። የደበቀችህ እኔን ፈርታ ነው። ካታለለችህ አታላይነቱን ለሁለት ቁረሰው፤ የሚበልጠውን ለእኔ ስጠኝ።»

ሕፃኗ አለቀሰች። ኋላ ደሳለኝ ወደ ማስተዋል ዞሮ፣ «ታዲያ ምነው ወደቅሁ አልሽ?» አላት።

«ያሳደገችኝ እሷ ናት» አለች። «ምን ልበል?»

ተነሥቶ ሕፃኗን ከእጇ ተቀበላትና ወደ መስኮቱ ሄደ። ይቅር አልሁ አላለም፤ ለእኔም ለእሷም። ግን ከዚያ መስኮት ተመልሶ ወረቀቱን ፈረመ።

ሐኪሟ ካርዷን አይታ ነበር። ዓይነቱ ሻካራው ነው አለች። ማስተዋልን በሦስተኛው ቀን ቀደዷት። ከረጢቱንም፣ በዙሪያው የበቀለውንም አጥር አወጡት፤ ከብብቷ ሥር የፈሰሰውን የቻሉትን ያህል ጠረጉ። ትንሽ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል እየተመላለሰች ትታያለች። ከሥጋዋና ከፈሳሹ ለምርመራ ተላከ። ውጤቱ እስኪመጣ ሳምንታት ፈጀ። በእነዚያ ሳምንታት ድስት እንኳን ሳማስል እጄን እያየሁ እቆም ነበር። ክፉ ነገር ካለ ያመጣው ያ የባዕድ ነገር ነው፤ ይህን ሐኪሟ ነግራኛለች። ልቤ ግን ከዚያ በፊት፣ ከድስቱ ይጀምር ነበር። ውጤቱ መጣ። ክፉ ነገር የለበትም ተባለ። አላለቀስሁም። ልቅሶ ለእኔ የሚገባ መስሎ አልታየኝም።

ከሚቀጥለው ዝክር በፊት ማስተዋልን ጠየቅኋት። የእኔን ጥፋት ለማውራት የአንቺን ገመና መግለጥ አለብኝ፤ ካልፈቀድሽ አላወራም አልኋት። ሙሉ ቀን አሰበችበት። ከዚያ «አብሬሽ እመጣለሁ» አለች። በዝክሩ ዕለት ዳቦው ቀረበ፤ ቢላው ተሰጠኝ። «ከመቁረሴ በፊት» ብዬ ሌባ ያልሁትን ቃል መለስሁ፤ የእጄንም ጥፋት ተናገርሁ። ቀድማ የተናገረችው አልማዝ ናት። «እንግዲህ ዳቦውን ሌላ ሰው ይቁረስ?» አለች።

«ይቁረስ» አልሁ፤ ቢላውንም ለማስተዋል ሰጠኋት። ቁራሾቿ ትልቅና ትንሽ ነበሩ። ማንም አላጉረመረመም።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ምክር የምሰጥ ሰው አይደለሁም፤ ያ መብት ተወስዶብኛል። ግን ከመካከላችሁ በደረቷ እንዲህ ያለ ነገር ያለባት ብትኖር፣ ሆዷ ውስጥ ይዛው አትቀመጥ። ዕድሜ ልክ የሚቆይ አይደለም ብላኛለች ሐኪሟ። ከጠጠረ፣ ካመመ፣ ቅርፁ ከተለወጠ ወይም ከዓመታት በኋላ ድንገት ካበጠ ሐኪም ይየው። ያችን ካርድ አትጣላት። ጨርሶ ደግሞ ለእሽታ አትስጠው፣ የማንም እጅ ቢሆን፣ እጀ መልካም የተባለም ቢሆን። ገና ልታስገባ የምታስብም ይህን ሁሉ ጠይቃ ትግባ። ሌባ ናት አልልም። የጎደላትን የማውቅ እኔ አይደለሁም።

እንደ እኔ ያላችሁ አሮጊቶች ደግሞ ስሙኝ። አሁን አራስ ሲያመጡብኝ አስቀድሜ በሩን እዘጋለሁ። አማት ውጪ፤ ባል ውጪ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ «አንቺ ንገሪኝ» እላለሁ፤ እጠብቃለሁ። «ምንም» ካለችኝ ደግሜ እጠብቃለሁ። አንዳንዷን ሳልነካ ወደ ጤና ጣቢያ እልካለሁ። እጇ ደከመ ይሉኛል አሉ። ይበሉ።

የሕፃኗ ክርስትና በሰማንያ ቀኗ ነበር። ጎሕ ሲቀድ ማራኪ ደረስሁ። ማስተዋል አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ መስታወት ፊት ቆማለች። ቀኙ እንደ ልጅነቷ ባዶ ነው፤ ጨርቅ አጣጥፋ ብትከትበትም ይንሸራተታል። ደሳለኝ ከበሩ ሆኖ፣ «ማንም አያይሽም፤ ባጃጁ ይጠብቃል» ይላታል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ቀስ እያለ እየተመለሰ ነው።

ከመቀነቴ ያመጣሁትን አወጣሁ። ሳምንት ሙሉ ጥጥ ፈልቅቄ፣ ባዘቶውን በለሰለሰ አሮጌ ነጠላ ሰፍቼው ነበር። ክብደቱን ከግራው ጡቷ ላስተካክል ታግያለሁ፤ ስንቴ ፈትቼ ሰፍቼዋለሁ። ወስዳ ከጡት መያዣዋ ውስጥ አስገባችው። ቀሚሷን አስተካክላ ወደ መስታወቱ ዞረች፤ ከዚያ ወደ እኔ።

«እኩል ነው?» አልኋት። እኔ ራሴ መፍረድ አልፈለግሁም።

ረጅም ጊዜ አየችው።

«ትንሽ ይቀረዋል፣ እምዬ» አለች።

ስፌቱን ፈታሁና ጨመርሁላት።